ባዶ ሆኖ የሚጠብቅ ግድብ፤ የዋሺታ ተፋሰስ ትንንሽ ግድቦችና የጎርፍ መከላከል ሥራ

ግድብ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ለመስኖ ወይም ለከተማ መጠጥ የተጠራቀመ ሰፊ ውኃ ነው፤ እንዲህ ያለው ግድብ ሲሞላ ባለቤቶቹ ይደሰታሉ፣ ሲጎድል ይጨነቃሉ። ጎርፍ ለመከላከል በገጠር ጅረቶች ላይ የሚሠራው ትንሽ ግድብ ግን የሚጠቅመው ሳይሞላ ሲቆይ ነው፤ ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት በግድቡ ጀርባ የተተወው ባዶ ቦታ ሲሆን፣ ይህ ቦታ በዓመቱ አብዛኞቹ ቀናት ሣር ሲበቅልበትና ከብት ሲግጥበት ቢታይም፣ ኃይለኛ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ሌሊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ውኃ ተቀብሎ ለቀናት ቀስ በቀስ እንዲለቅ የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያሉ ግድቦች በብዛትና በሕግ ተደግፈው ከተሠሩባቸው ቦታዎች ዋነኛው በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት የሚገኘው የዋሺታ ወንዝ ተፋሰስ ሲሆን፣ የዚያ አካባቢ ከሰባት ዐሥርት ዓመታት በላይ የቆየ ልምድ ትንሽ ግድብ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችልና ሰው ሲረሳው ምን እንደሚሆን በግልጽ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተፋሰስ ማለት የጣለው ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ጅረት የሚወርድበት የመሬት ክልል ነው፤ ትልቁ ተፋሰስ በውስጡ ብዙ ትንንሽ ተፋሰሶችን ይይዛል፣ እያንዳንዱ ትንሽ ተፋሰስም የራሱ ጅረት፣ የራሱ ተዳፋትና የራሱ የጎርፍ ጠባይ አለው። ጎርፍን አጥፊ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የውኃው ጠቅላላ ብዛት ቢሆንም፣ በትንንሽ ጅረቶች ላይ ከብዛቱ ይልቅ የሚከፋው በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ መምጣቱ ነው። ያው የውኃ መጠን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢወርድ ጅረቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ በሰላም ያልፋል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲወርድ ግን ደራሽ ውኃ ሆኖ ከቦዩ ይወጣል፣ ማሳ ይጠርጋል፣ ድልድይ ይነቅላል፣ የተኛ ሰው ይወስዳል። የጎርፍ ጫፍ የሚባለው ፍሰቱ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ሲሆን፣ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ሥራም ይህን ጫፍ ዝቅ ማድረግ፣ ማለትም አጭሩንና ኃይለኛውን ፍሰት ወደ ረጅምና ልዝብ ፍሰት መለወጥ ነው።

ዋሺታ ከቴክሳስ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ተነሥቶ ምዕራባዊና ደቡባዊ ኦክላሆማን አቋርጦ ሬድ ሪቨር ወደሚባለው ወንዝ የሚገባ ወንዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ አካባቢው የገቡ ሰፋሪ ገበሬዎች ለዘመናት በሣር ተሸፍኖ የኖረውን ተዳፋት አርሰው ጥጥና ስንዴ ሲዘሩበት፣ ቀዩ አፈር በየዝናቡ እየታጠበ ወደ ጅረቶቹ መውረድ ጀመረ፤ ባዶ የቀረው መሬት ዝናቡን የመምጠጥ አቅሙ ሲደክምና የጅረቶቹ ቦይ በደለል ሲደፈን፣ ቀድሞ በቦዩ ውስጥ ያልፍ የነበረ ውኃ በሸለቆው ለም ማሳ ላይ መተኛት ያዘ። በኤፕሪል 1934 መጀመሪያ ሃሞን በተባለችው ትንሽ ከተማ አቅራቢያ በአንድ ሌሊት የጣለ ዶፍ ዋሺታን አስሞልቶ 17 ሰዎችን ሲገድል፣ ያ ዘመን በሌላ በኩል ደግሞ ድርቅና ነፋስ ተባብረው የታረሰውን አፈር በጥቁር ደመና መልክ ከማሳው እያነሡ የሚወስዱበት ጊዜ ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ አንዱ መሬት በነፋስም በጎርፍም እየተወሰደ መሆኑ የሁለቱም ጥፋት ሥር በአንድ ቦታ፣ ማለትም በመሬት አያያዝ ላይ እንደሚገኝ ለሚያስተውል ሰው ግልጽ አድርጓል።

ይህን አስተውለው ድምፃቸውን ካሰሙት ባለሙያዎች ግንባር ቀደሙ ሂዩ ሐሞንድ ቤኔት የተባሉ የአፈር ተመራማሪ ሲሆኑ፣ በ1935 የአሜሪካ ምክር ቤት የአፈር ጥበቃ ሕግ ሲያወጣ በግብርና ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመውን የአፈር ጥበቃ አገልግሎት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው መርተዋል። የቤኔትና የባልደረቦቻቸው አስተሳሰብ ጎርፍን ከወንዙ ግርጌ ሳይሆን ዝናቡ ከሚያርፍበት ተዳፋት ጀምሮ መያዝ ይገባል የሚል ነበር፤ በዚህም መሠረት ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርከን፣ ለኮንቱር እርሻ (ማለትም የተዳፋቱን አግድመት ተከትሎ ለማረስ) እና ለሣር ሽፋን ሲሆን፣ ትንሹ ግድብ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ተሠርተውም የሚተርፈውን ውኃ ለመቀበል ነው። በታኅሣሥ 1944 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት የጎርፍ መከላከል ሕግ ይህ አስተሳሰብ በ11 ተፋሰሶች እንዲሞከር ፈቀደ፤ ከእነርሱም መካከል ዋሺታ፣ በቴክሳስ የሚገኘው የትሪኒቲ ወንዝና በዋና ከተማይቱ በዋሽንግተን በኩል የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ ይገኙበታል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1948፣ ክላውድ ክሪክ በተባለ ጅረት ላይ፣ ኮርዴል ከተባለችው የኦክላሆማ ከተማ አቅራቢያ፣ በዚህ ፕሮግራም የመጀመሪያው ግድብ ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በሮጀር ሚልስ አውራጃ የሚገኘው የሳንድስቶን ክሪክ ተፋሰስ ከላይ እስከ ታች በእርከንና በ24 ትንንሽ ግድቦች ተይዞ የመጀመሪያው የተሟላ ሥራ ሆነ።

ሙከራው ባሳየው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በኦገስት 1954 ሌላ ሕግ ፈረሙ፤ ይህ ሕግ ከ250,000 ኤከር (ወደ 100,000 ሄክታር ገደማ) የማይበልጥ ስፋት ያለው ማናቸውም ተፋሰስ የፌዴራል መንግሥቱን እርዳታ እንዲጠይቅ በር ከፈተ። የሥራ ክፍፍሉ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው፤ መንግሥት የጎርፍ መከላከያውን የግንባታ ወጪ ሲሸፍን፣ የአካባቢው ማኅበረሰብ በአፈር ጥበቃ ማኅበሩ ወይም በአውራጃ አስተዳደሩ በኩል ለግድቡ የሚያስፈልገውን መሬት ያቀርባል፣ ከግንባታው በኋላ ያለውንም ጥገና ይረከባል። ገበሬዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መሬታቸውን አልሸጡም፤ ውኃው ሲመጣ በማሳቸው ላይ ለጊዜው እንዲተኛ የሚፈቅድ ዘላቂ የመጠቀም መብት በጽሑፍ ሰጡ እንጂ። ከታች ላለ ጎረቤት ደኅንነት ሲሉ የራሳቸው ግጦሽ በዝናብ ወራት ለቀናት ውኃ እንዲጠጣ የፈቀዱ እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይህ ውለታቸው ግን ስለ ግድቦቹ በሚጻፈው ውስጥ ብዙም ሲነሣ አይታይም። በዚህ መንገድ በመላ አሜሪካ ወደ 12,000 የሚጠጉ ግድቦች የተሠሩ ሲሆን፣ ከማንም ግዛት ይበልጥ የተሠሩት 2,107 በሚገኙባት በኦክላሆማ ነው።

የእነዚህ ግድቦች አሠራር ለማንም አስተዋይ ሰው ግልጽ ሊሆን የሚችል ነው። የግድቡ አካል በአቅራቢያው ከተቆፈረ አፈር፣ በተለይም ውኃ ከማያሳልፍ ሸክላማ አፈር የሚሠራ ሲሆን፣ አፈሩ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ እየተመጠነና በከባድ ሮለር እየተጠቀጠቀ ወደ ላይ ያድጋል፤ ከሥሩም ውኃ በመሠረቱ በኩል ሾልኮ እንዳይወጣ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ በዚያው ሸክላማ አፈር ይሞላል። በግድቡ ጀርባ፣ ከውኃው በኩል፣ ከኮንክሪት የተሠራ ቀጥ ያለ ማማ ይቆማል፤ በማማው አናት ላይ ያለው አፍ ቅርንጫፍና ቆሻሻ እንዳይገባበት በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከሥሩ የሚነሣ ቱቦ በግድቡ ሆድ ውስጥ አልፎ በታችኛው በኩል ወደ ጅረቱ ይወጣል። የመዝጊያ በር፣ የሚያሽከረክረው ሠራተኛ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር የለውም። ውኃው ከማማው አፍ ከፍ ሲል በራሱ ጊዜ ይገባል፣ ዝቅ ሲል በራሱ ጊዜ ያቆማል፤ በመንፈቀ ሌሊት ማንም ሰው ደርሶ አንዳች ነገር እንዲያደርግ ስለማይጠበቅም ከመኖሪያ ርቆ ለሚገኝ የገጠር ጅረት የተስማማ ነው።

ያለ በር የሚሠራ ግድብ ሐሳብ ከኦክላሆማ የቆየ ነው። በማርች 1913 በኦሃዮ ግዛት የዴይተን ከተማና በአካባቢዋ ያሉ ከተሞች ከ360 በላይ ሰዎችን በገደለ ጎርፍ ሲጥለቀለቁ፣ አርተር ሞርጋን የተባሉ መሐንዲስ በሚያሚ ወንዝና በገባሮቹ ላይ በ1922 የተጠናቀቁ አምስት ደረቅ ግድቦችን አሠርተዋል፤ ደረቅ የተባሉትም በግርጌያቸው ያለው ቀዳዳ ዘወትር ክፍት ሆኖ የተለመደውን ፍሰት ሳይነካ ስለሚያሳልፍና ከኋላቸው ያለው መሬት እየታረሰ ስለሚቆይ ነው። የዋሺታ ግድቦች መጠናቸው ከእነዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም መርሐቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከታች ትንሽ ቀዳዳ እንዳለው በርሜል ናቸው፣ ከላይ በባልዲ ቢገለበጥባቸው ከታች የሚወጣው ያው ቀጭን ፍሰት ነው።

አንድ ቀላል ስሌት ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። ከአንድ ትንሽ ግድብ በላይ ያለው ተፋሰስ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረውና በአንድ ሌሊት 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት፣ ግማሹ ወደ አፈር ሰርጎ ግማሹ በገጸ ምድር ቢወርድ ወደ ጅረቱ የሚመጣው ውኃ 500,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ውኃ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቢደርስ አማካይ ፍሰቱ በሰከንድ 46 ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ፍሰት ለአንድ የገጠር ጅረት ከአቅም በላይ ነው። ግድቡ ግን ይህን ሁሉ ተቀብሎ በቱቦው በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ብቻ ቢለቅ ውኃው ተጠርጎ ለመውጣት ስድስት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከታች ያለው ገበሬም ስድስት ቀን የደፈረሰ ጅረት ያያል እንጂ ማሳው ላይ የተኛ ጎርፍ አያይም። ግድቦቹ ሲነደፉ የታቆረው ጎርፍ አብዛኛው በ10 ቀን ውስጥ እንዲወጣ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ የመጀመሪያው ሳይወጣ ቢደርስ ባዶ ቦታው አይኖርም፣ ባዶ ቦታ የሌለው የጎርፍ ግድብ ደግሞ ለጎርፍ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው።

ግድቡ ከተነደፈበት በላይ የሆነ ዝናብ ሲመጣስ? ለዚህ ተብሎ ከግድቡ በአንደኛው ጫፍ፣ ከግድቡ አናት ዝቅ ብሎ፣ በተፈጥሮ መሬት ላይ ሰፊ ጎድጓዳ መተላለፊያ ይቆረጥና ሣር ይተከልበታል፤ ይህ ረዳት ማስተንፈሻ የሚባለው ሲሆን፣ ቱቦው ያልቻለው ውኃ በግድቡ አናት ላይ ከመፍሰሱ በፊት በዚህ በኩል ዞሮ ይወጣል። በአፈር ግድብ አናት ላይ ውኃ ከፈሰሰ አፈሩን ከታች ወደ ላይ እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ሊያፈርሰው ይችላል። ረዳት ማስተንፈሻው እንደ አደጋው ክብደት በአማካይ በ25፣ በ50 ወይም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ይነደፋል፤ ይህ አነጋገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የ100 ዓመት ጎርፍ ማለት በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቦታ 50 ዓመት ቢኖር እንዲህ ያለ ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድሉ ከመቶ 39 በላይ ነው። ትናንት የደረሰ ጎርፍም የነገውን ዕድል አይቀንሰውም።

የማስተንፈሻን ነገር አቅልሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳው የታወቀ ምሳሌ ከጎርፍ መከላከያ ግድቦች ወገን ያልሆነ፣ በፔንስልቬኒያ ግዛት ከጆንስታውን ከተማ በላይ የነበረ የአፈር ግድብ ነው። ይህ ግድብ መጀመሪያ ለመርከብ ቦይ ውኃ እንዲያቀርብ የተሠራ ሲሆን፣ ኋላ የሀብታሞች የመዝናኛ ክበብ ንብረት ሲሆን ከሥሩ የነበሩት የውኃ መልቀቂያ ቱቦዎች ሳይተኩ ቀርተው ነበር፤ አናቱ ለሠረገላ መተላለፊያ ዝቅ ተደርጎ፣ በማስተንፈሻው አፍም ዓሣ እንዳያመልጥ ወንፊት ተደርጎበት ነበር። ሜይ 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በግንድና በቅርንጫፍ ተደፈነ፣ ውኃው ዝቅ በተደረገው አናት ላይ ፈሰሰ፣ ግድቡ ተናደና 2,209 ሰዎች ሞቱ። እያንዳንዱ ለውጥ ለየብቻው ሲታይ ለሠሩት ሰዎች ትንሽ ነገር ሳይመስላቸው አልቀረም።

ትንንሽ ግድቦች ይህን ሁሉ ቢያሟሉም የማይችሉት ነገር አለ፤ ይህም በ1950ዎቹ በአሜሪካ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። በአንድ ወገን በታላላቅ ወንዞች ላይ ግዙፍ ግድብ የሚሠራው የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል፣ በሌላ ወገን ከላይ በየጅረቱ ትንንሽ ግድብ የሚሠራው የግብርና ሚኒስቴር ቆመው፣ እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አገሩን ከጎርፍ እንደሚያድን ይሟገት ነበር። ሉና ሊዮፖልድና ቶማስ ማዶክ የተባሉ የውኃ ተመራማሪዎች በ1954 በዚህ ክርክር ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ነገር ዛሬም ያገለግላል፤ ትንሽ ግድብ ከሥሩ ባለው ጅረት ላይ ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግን ግድብ ከሌላቸው ሌሎች ጅረቶች የሚመጣው ውኃ ስለሚቀላቀል ጥቅሙ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ከተማም ከላይ ያሉት ትንንሽ ግድቦች ከታላቅ ጎርፍ ያድኑኛል ብሎ ሊተማመን አይችልም። በአንጻሩ ከተማውን የሚያድነው ግዙፍ ግድብ ከእርሱ በላይ ላሉት ገበሬዎች የሚያደርግላቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም የሸለቆውን ለም መሬት በውኃ ሊያሰጥም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ ማቅረብም በሕዝብ ገንዘብም በሕዝብ ሕይወትም ላይ የሚፈጸም ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የእነዚህን ግድቦች ዕድሜ የሚወስነው ደለል ነው። የሚፈስ ውኃ አፈርና አሸዋ ይሸከማል፤ ግድቡ ጋ ሲደርስ ስለሚረጋ የተሸከመውን ሁሉ ያራግፋል። ነዳፊዎቹ ይህን አውቀው ከማማው አፍ በታች ያለውን ቦታ ለደለል መያዣ መድበዋል፤ ዘወትር እንደ ኩሬ ሆኖ የሚታየውና ከብት የሚጠጣበት፣ ልጆች ዓሣ የሚያጠምዱበት ውኃ ያለው በዚህ ቦታ ነው። አብዛኞቹ የተነደፉት ለ50 ዓመት የሚመጣውን ደለል እንዲይዙ ሲሆን፣ ይህ ማለት በ1950 የተሠራው ግድብ ዕቅድ በ2000 ያበቃል ማለት ነው። ቦታው ሞልቶ ደለሉ ከማማው አፍ ሲያልፍ ለጎርፍ የተተወውን ባዶ ቦታ መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ግድቡ ከውጭ ሲያዩት ያው ግድብ ነው፣ ሣሩም ያው ሣር ነው፣ የሚቀበለው ጎርፍ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ከላይ ያለው ተዳፋት በእርከንና በሣር በተያዘበት ቦታ አንዳንድ ግድቦች ከተነደፈላቸው ዕድሜ በላይ የቆዩት፣ ተዳፋቱ በተራቆተበት ደግሞ ቀድመው የሞሉት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የግድብ ዕድሜ የሚወሰነው ከግድቡ ይልቅ ከእርሱ በላይ ባለው የሰው ማሳ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ እውነት ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በትግራይ በ10 ዓመት ውስጥ 500 ያህል ትንንሽ ግድቦች ለመሥራት ታቅዶ የነበረ ሲሆን፣ ዓላማቸው በዋናነት መስኖ ቢሆንም የገጠማቸው ችግር ከዋሺታው ጋር የሚመሳሰል ነበር፤ ከታቀዱት የተሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ሲሆኑ፣ ከተሠሩትም ውስጥ አንዳንዶቹ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ በደለል ሲሞሉ፣ ሌሎች በመሠረታቸው በኩል ውኃ እያሰረጉ፣ ሌሎችም የተገመተውን ያህል ውኃ ሳያገኙ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ በሰፊው የተሠራው የእርከን፣ የከለላ መሬትና በየቦረቦሩ የተደረገው የድንጋይ ክትር በተለይ ከላይ ያለውን አፈር በቦታው በማቆየት ረገድ የሚታይ ለውጥ አምጥቷል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አጥቢያ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውና ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ጎርፍ፣ ከሐረርጌ ደጋ ተዳፋት ላይ የሚወርድ ውኃ በቀን ደረቅ አሸዋ ሆኖ በሚታይ ወንዝ ውስጥ በጥቂት ሰዓት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በከተማው ከተሠራው የመከላከያ ግንብ እኩል ትኩረት የሚገባው፣ ውኃው ከሚነሣበት ከላይኛው ተዳፋት ላይ የሚሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ነው፤ ግንቡ የሚጠብቀው የመጣውን ጎርፍ ሲሆን፣ ተዳፋቱ ግን የሚመጣውን ጎርፍ መጠን ይወስናል።

ሌላው ችግር ከግድቡ በታች የሚመጣ ነው። አብዛኞቹ የዋሺታና የትሪኒቲ ግድቦች ሲሠሩ በሥራቸው የነበረው ማሳና ግጦሽ ብቻ ስለነበር፣ ቢፈርሱ የሚጎዱት ሰብልና አጥር ናቸው ተብሎ ዝቅተኛ የአደጋ ደረጃ ተሰጣቸው። የአደጋ ደረጃ ማለት ግድቡ ደካማ ወይም ጠንካራ መሆኑን የሚገልጽ አይደለም፤ ቢፈርስ በታች ባለ ሰው ሕይወትና ንብረት ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚደርስ የሚናገር ነው። ግድቡ ጎርፉን ባቆመ ቁጥር ደግሞ የሸለቆው መሬት ደኅና መስሎ ይታያል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ቤት ይሠራበታል፤ ግድቡ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ አንድ ድንጋይ ሳይጨመርበት፣ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ አደጋ ደረጃ ይሸጋገራል፣ ለማሳ የተነደፈው ማስተንፈሻም ለሰፈር የሚያንስ ይሆናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዳላስ አካባቢ፣ በተለይ በሰሜን በኩል ባለው በኮሊን አውራጃ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእርሻ መሬት መካከል የተሠሩ ግድቦች ዛሬ በመኖሪያ ሰፈሮች ተከበው ይገኛሉ። ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ባለው በፌርፋክስ አውራጃ፣ በፖሂክ ክሪክ ተፋሰስ፣ በ1954ቱ ሕግ መሠረት የተሠሩት ሮያል፣ ሀንትስማን፣ ውድግለንና ባርተን የሚባሉ ትንንሽ ሐይቆችም የሰፈር መናፈሻ ሆነው ይታወቃሉ፤ በግድባቸው አናት ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚራመደው ብዙ ሰው የሚራመድበት ነገር የጎርፍ መከላከያ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ማወቁ ግን ይጠቅመዋል፤ እንዲህ ያለ ግድብ ሊፈርስ ሲል ማን ማንን እንደሚያስጠነቅቅና የትኞቹ ጎዳናዎች እንደሚጥለቀለቁ የሚዘረዝር የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ለከፍተኛ አደጋ ግድቦች የሚዘጋጀው ለእርሱ ነው።

የጥገናው ሥራ በራሱ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ለዐሥርት ዓመታት ሳይቋረጥ መሠራቱ ነው። በግድቡ ላይ ዛፍ እንዳይበቅል መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የዛፍ ሥር አፈሩን እየሰነጠቀ ይገባል፣ ዛፉ ሲሞትም የበሰበሰው ሥር የውኃ መንገድ ይሆናል። ጉድጓድ የሚቆፍሩ አውሬዎችን መከላከል፣ ከፍርግርጉ ላይ ቆሻሻ ማንሣት፣ ማስተንፈሻው ላይ አጥር ወይም ድርቆሽ እንዳይከመርበት መከልከል፣ በታችኛው በኩል የሚወጣውን ሥርገት መመልከትም እንዲሁ። ከአፈር ግድብ ጥቂት ጥርት ያለ ውኃ መንጠቡ የተለመደ ነው፤ የሚወጣው ውኃ መደፍረስ ከጀመረ ግን አፈር ከሆዱ እየተሸከመ እየወጣ ነው ማለት ስለሆነ ለሰዓታትም ቸል ሊባል አይገባም። በኦክላሆማ አንዳንድ አካባቢዎች ያለው ሸክላ በውኃ ሲነካ በቀላሉ የሚበታተን ዓይነት ሆኖ በመገኘቱ አንዳንድ ግድቦች በመጀመሪያ ሙላታቸው ተቦርቡረዋል፤ ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በተገኘው ትምህርት ከ1980ዎቹ ወዲህ ቱቦው በግድቡ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ቀድሞ ይደረግ የነበረው የኮንክሪት ቀለበት ቀርቶ፣ ውኃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር የተመጠነ አሸዋ ዙሪያውን ይደረጋል።

የ50 ዓመቱ ዕድሜ ሲያልቅ ለአንድ ማኅበረሰብ የሚቀርቡለት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ማማውን ከፍ አድርጎና ግድቡን አሳድጎ ለደለል አዲስ ቦታ መስጠት፣ ማስተንፈሻውን አስፍቶ ከታች ለመጣው ሰፈር የሚመጥን ማድረግ፣ ደለሉን አውጥቶ ማራቅ (ይህ ከሁሉ ውድ ሲሆን ያወጡትን ደለል የሚያስቀምጡበት ቦታም ይጠይቃል)፣ ወይም ግድቡን በሥርዓት አፍርሶ ጅረቱን ወደ ቀድሞ መንገዱ መመለስና በታች ያሉትን ቤቶች ገዝቶ ማንሣት። በ2000 የወጣ የፌዴራል ሕግ መንግሥት ለማደሻው እስከ 65 ከመቶ እንዲከፍልና 35 ከመቶውን የአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሸፍን የደነገገ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሮጀር ሚልስ አውራጃ፣ ሻያን በተባለችው ከተማ አቅራቢያ፣ በሰርጀንት ሜጀር ክሪክ ላይ ያለ ግድብ በአገሪቱ መጀመሪያ የታደሰው ሆነ። 35 ከመቶው ግን ለብዙ የገጠር አውራጃዎች ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ በተለይ ወጣቱ ወደ ከተማ በሄደበት፣ የመጀመሪያውን ውል የፈረሙት ገበሬዎች በሞቱበትና መሬቱን የወረሱት ልጆች በማሳቸው ላይ ያለውን የውኃ ማስተኛት መብት በቅጡ በማያውቁበት ቦታ፣ ለማይታይ ጎርፍ ግብር ክፈሉ ብሎ ማሳመን ለአፈር ጥበቃ ማኅበራቱ ከምሕንድስናው የከበደ ሥራ ሆኖባቸዋል። ማኅበራቱ የፍተሻ ቀናቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገው ባለመሬቶችንና ከታች የሚኖሩትን በአንድነት ወደ ግድቡ ቢጠሩ፣ ባለሙያው ቱቦውን፣ ማስተንፈሻውንና የደለሉን ከፍታ እያሳየ ሊያስረዳቸው፣ የመሬት መብቱ ወረቀትም በዚያው ሊነበብ ይችላል።